መኪና የሌለበት እሑድ፦ ከሰንጋ ተራ የሚነሳ የብስክሌት ጉዞ

የብዙኃን የብስክሌት ጉዞ የሚባለው፣ የአንድ ከተማ አስተዳደር ለሞተር ተሽከርካሪ የሠራቸውን ጎዳናዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ዘግቶ፣ ነዋሪው በዕድሜ፣ በጾታና በመንዳት ችሎታ ሳይለይ በአንድነት እንዲነዳባቸው የሚለቅበት መሰናዶ ነው። ከብስክሌት ውድድር የሚለየውም አሸናፊና ተሸናፊ ስለሌለው፣ ሰዓት ስለማይያዝበትና ተሳታፊው ደክሞት ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋ ቢሄድ የሚከለክለው ስለሌለ ነው። በዓለም ላይ ሁለት መልክ ይዞ ይታያል። አንደኛው በዓመት አንድ ቀን በምዝገባና በክፍያ የሚደረግ ሲሆን፣ ለዚህ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በኒውዮርክ የሚካሄደውና አምስቱን የከተማዋን ክፍሎች በ64 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያገናኘው ጉዞ ነው። ሁለተኛው ግን ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚደጋገም ነው፤ ለዚህ አርአያ የሆነችው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችውን ልማድ አስፍታ፣ ዛሬ እሑድ እሑድና በበዓላት ቀን ከማለዳው 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትለቃለች።

አዲስ አበባ የያዘችው ይህን ሁለተኛውን መልክ ነው። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዕለቱም እሑድ፣ «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ የመጀመሪያው ከመኪና ነፃ ቀን በዋና ከተማዋና በክልል ከተሞች ሲካሄድ፣ ከፊት የቆመው የትራንስፖርት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነበር፤ ጤና ሚኒስቴር ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች፣ ማለትም እንደ ደም ግፊት፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያሉ ከሰው ወደ ሰው የማይጋቡ ነገር ግን ከአኗኗር ጋር የተቆራኙ ሕመሞች፣ በከተሜው ላይ እየበረቱ መምጣታቸውን ምክንያት አድርጎ፣ ነዋሪው በየወሩ የመጨረሻ እሑድ አስፋልቱን ለአካል እንቅስቃሴ እንዲጠቀምበት ጋበዘ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የሕዝብ መሰባሰብን ሲያስቆም ልማዱ ገና ሥር አልሰደደም ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ትራንስፖርት ሚኒስቴር የአሥር ዓመት ብሔራዊ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ በማድረጉ፣ ጉዳዩ ቢያንስ በወረቀት ላይ ከስፖርት ወደ መጓጓዣ ተሸጋገረ። ሞተር አልባ ትራንስፖርት የሚለው አጠራር በእግር መሄድንና ብስክሌት መንዳትን አንድ ላይ የሚይዝ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ የማያንሱት በእግር የሚደረጉ መሆናቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ ስያሜው የጥቂቶችን ሳይሆን የብዙኃኑን ኑሮ የሚመለከት ነው።

አዲስ አበቤ የተዘጋ መንገድ እንግዳው አይደለም። «ለተሽከርካሪ ዝግ የሚሆኑ መንገዶች» የሚለውን የትራፊክ ፖሊስ መግለጫ በደመራና በጥምቀት ዋዜማ፣ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞንና ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ማለዳ ሲሰማ ኖሯል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ መንገዱ የሚዘጋው ግን ለአንድ ለሚያልፍ ነገር፣ ለታቦት፣ ለእንግዳ ወይም ለሯጭ ነው፤ ነዋሪው ከዳር ቆሞ ያያል ወይም ተከትሎ ይሄዳል። መንገድ ለሰው ግን የሚያልፍ ነገር የለውም፤ መንገዱ የተለቀቀለት ሰው ራሱ ምን እንደሚያደርግበት መወሰን አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ሰው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሳይለቅ በዳር በዳር ሲሄድ የሚታየውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዞው የሚነሳበት ሰንጋ ተራ በልደታ ክፍለ ከተማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በሜክሲኮ አደባባይ መካከል የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ እንደ በግ ተራና እንደ አትክልት ተራ ሁሉ ከቀድሞ ገበያው የወጣ ነው። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ጠባብ መተላለፊያ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው የቀበሌ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቡና የሚጠራራበት የመሐል ከተማ መንደር ነበር። ከዚያ ወዲህ በመልሶ ማልማት፣ ይኸውም ያረጀውን ሰፈር አፍርሶ መሬቱን ለአዲስ ግንባታ በማዋል አሠራር፣ አብዛኛው መንደር ተነስቶ በቦታው የባንክና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተተክለዋል፤ ሕብረት፣ ንብና ዘመን ባንኮች ፎቆቻቸውን ያቆሙት በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ በአቅራቢያው የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ከፍታ አለው። ከቀድሞው መልክ ጸንተው የቀሩት የንግድ ሥራ ኮሌጅ፣ የተግባረ እድ ትምህርት ቤትና የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ናቸው ማለት ይቻላል። በሰፈሩ የተሠሩት የ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በ2009 ዓ.ም. በእጣ ሲተላለፉ ጥቂት ነዋሪ ቢገባባቸውም፣ ከነባሩ ሕዝብ የሚበዛው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል፤ ይህ እውነታ ከብስክሌት ጋር ያለው ዝምድና ወደ ኋላ ላይ ይታያል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የእሑድ ማለዳ ከሌላው ቀን የተለየ ነው። በሥራ ቀን መኪና በሁለት ረድፍ የሚቆምበት የባንኮቹ ፊት ለፊት ባዶ ይሆናል፤ ከየበሩ የሚታየው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ ወንበሩን ወደ ፀሐይ የሚያዞር ሰው ብቻ ነው። መንገዱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው፤ የሞተርና የጥሩምባ ጩኸት ሲቆም፣ ከልደታ በኩል የቅዳሴው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ የብስክሌት ካቴና ሲዞር የሚያሰማው ጠቅጠቅታ ይለያል፣ ሰውም ሳይጮህ ይነጋገራል። በነጠላ የተከናነቡ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአስፋልቱ መሐል ይራመዳሉ። ወደ ጥቁር አንበሳ የምትሄድ እናት ለታማሚዋ የያዘችውን ምሳ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ በብስክሌቶቹ መካከል ስትሻገር፣ ነጂዎቹ ፍሬን ይዘው ያሳልፏታል፤ በሥራ ቀን በዚያው ቦታ ለመሻገር ስንት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚያስፈልጋት የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

ብስክሌቶቹ እንደ ሰዎቹ ዓይነታቸው ብዙ ነው። ውድ የሆኑት ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌቶች የራስ ቁር ካደረጉ ጥቂት ስፖርተኞች ጋር በቡድን በቡድን ያልፋሉ፤ የሚበዙት ግን የሰፈር ሳይክል አከራዮች በሰዓት ሒሳብ የሚያከራዩአቸው፣ ቀለማቸው የለቀቀ፣ አንዱ ፔዳል ብረቱ ብቻ የቀረ አሮጌዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚይዘው፣ ዕድሜው ከአሥር የማይበልጥ ልጅ የአዋቂ ብስክሌት የሚነዳበት ዘዴ ነው። ኮርቻው ላይ ቢወጣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ስለማይደርስ፣ ቀኝ እግሩን ከላይኛው አግዳሚ ብረት ሥር በሦስት ማዕዘኑ ክፍተት አሾልኮ ወዲያኛውን ፔዳል ይረግጣል፤ ወገቡን ወደ ግራ ጥሎ፣ አገጩን በመሪው ልክ አድርጎ፣ ሙሉ ዙር ማዞር ስለማይችል ግማሽ ዙር እየረገጠና እየመለሰ፣ ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን እንዳዘመመ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ልጅ ማንም አላስተማረውም፤ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ለግማሽ ሰዓት በተከፈለ ገንዘብ፣ በሰፈር ሜዳ ላይ፣ ከዳር ቆመው ተራቸውን በሚጠብቁ ጓደኞቹ ጩኸት መካከል ነው። ሴት ልጆች በዚህ ትምህርት ቤት ተራ የሚደርሳቸው ከስንት አንድ ነው፤ በቤት ሥራና በ«ሴት ልጅ ሳይክል አትነዳም» ባዮች ምክንያት ከሜዳው የቀሩት ልጃገረዶች ዐዋቂ ሆነው በተዘጋ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለማመዱ መታየታቸው፣ የዚህ ዝግጅት ትልቁ ፍሬ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ስለ ኪራይ ብስክሌቶች አንድ ነገር ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። የፍሬናቸው ጎማ፣ ማለትም መንኮራኩሩን ከሁለት ወገን ጨብጦ የሚያቆመው ትንሽ ቁራጭ፣ ብዙውን ጊዜ ተልጦ አልቋል፤ ልጆቹም ቁልቁለት ላይ ጫማቸውን አስፋልቱ ላይ እየጎተቱ ወይም ሶላቸውን ከኋላ ጎማው ላይ እየተጫኑ ይቆማሉ። በቀስታ በሚነዳበት ሜዳ ይህ ሳቅ ያስነሳ ይሆናል፤ ከጥቁር አንበሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና ግን አጥንት ያሰብራል።

በአዲስ አበባ ብስክሌት ለምን እንዳልተለመደ ሲጠየቅ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከፍታው፣ ሌላው ዳገቱ። ሁለቱም በጥቂቱ እውነትነት አላቸው። ከተማዋ ከአቃቂ ዝቅተኛ ሜዳ እስከ እንጦጦ ራስ ድረስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ተንጣላለች፤ የሰንጋ ተራ አካባቢም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የሳሳ አየር ለብስክሌተኛ ሁለት ፊት አለው፤ ሳንባን ቢያስቸግርም ከፊት የሚገጥመውን የአየር ግፊት ይቀንሳል። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎ ሜትር ከ431 ሜትር የነዳበትን የዓለም ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ 2,240 ሜትር ላይ ወዳለችው ወደ ሜክሲኮ ከተማ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነበር። ይሁንና ይህ ጥቅም የሚገኘው በከፍተኛ ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ብቻ ነው፤ ከሰንጋ ተራ ተነስቶ እየተጫወተ ለሚሄድ ነጂ የአየሩ ግፊት ከመጀመሪያውም እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ከፍታው ጉልበቱን ይወስድበታል እንጂ የሚመልስለት ነገር የለውም።

ከዚህ በመነሳት ግን ከፍታን ሰበብ ማድረግ አይቻልም። እሑድ እሑድ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የምትዘጋው ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ መሐል ከተማ ትበልጣለች። ዳገቱም ቢሆን ሰበብ አይሆንም፤ የሺህ ኮረብቶች አገር የምትባለው የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመኪና ነፃ እሑድ ጀምራ፣ በኋላም በወር ሁለት ጊዜ አድርጋዋለች። በሰንጋ ተራ ዙሪያ ያለው መሬት ራሱ ከሜክሲኮ አደባባይ በለገሃር አድርጎ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ ለጀማሪ የሚመች ለስላሳ መስመር ነው።

የሜክሲኮ አደባባይ በዚህ ጉዞ ውስጥ ከመታጠፊያነት ያለፈ ቦታ አለው። አደባባዩ ስያሜውን ያገኘው ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ ወረራውን ሕጋዊ አድርገው ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው፤ ሜክሲኮዎችም በበኩላቸው በዋና ከተማቸው አንድ አደባባይ በኢትዮጵያ ስም ሰይመዋል፤ በዚያ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም «ኢትዮጵያ» ተብሎ የአንበሳ ራስ ምልክት ተደርጎለታል። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በዚያችው ከተማ አስፋልት ላይ ነው። የሁለቱ ከተሞች ዝምድና በዚህ አያበቃም። ሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እሑድ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ዋናውን የሪፎርማ ጎዳና ለመኪና ዘግታ ለብስክሌተኞች ትለቃለች፤ ጎዳናው ደግሞ እንደ ሰንጋ ተራ ሁሉ ግራና ቀኙ የባንክ ፎቅ ነው። ልዩነቱ ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው፤ እዚያ መንገዱ ነገ ይዘጋ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ አባት ለልጁ የሚመጣውን እሑድ ቃል ሲገባ መግለጫ አይጠብቅም።

ከሰንጋ ተራ ወጥቶ ወደ አደባባዩ የሚደርስ ነጂ መጀመሪያ የሚያገኘው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር የተሸከመውን ድልድይ ነው፤ የምሥራቅ ምዕራቡና የሰሜን ደቡቡ መስመሮች ከልደታ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ አንዱን ሐዲድ በጋራ ስለሚጠቀሙ፣ ከራስ በላይ የሚያልፈው ባቡር ከመኪና ነፃ በሆነው ቀንም አይቋረጥም። ከሥሩ ያለው የመስቀለኛ መንገድ ግን የመዝጋት ጥበብ የሚፈተንበት ነው። ሜክሲኮ የሚኒባስ ታክሲ ትልቅ መናኸሪያ እንደመሆኑ፣ ከሳር ቤት፣ ከጀሞና ከካራ ቆሬ የሚመጣው ተሳፋሪ እሑድም ቢሆን አይቀርም፤ የዕለት እንጀራው እሑድ የሚያሠራው የጉልበት ሠራተኛ፣ የሆስፒታል ተረኛ ነርስ፣ ዕቃዋን የተሸከመች ጉሊት ነጋዴ ሁሉ ከተለመደው ቦታ ርቀው ወርደው በእግር መድረስ ይኖርባቸዋል። ትራፊክ ፖሊሱ በየደቂቃው የብስክሌቶቹን ጎርፍ በፉጨት አቁሞ አቋራጩን መኪና ያሳልፋል፤ የሚኒባስ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «እስከ መቼ ነው የሚዘጋው?» እያለ ይከራከራል፤ ፖሊሱም ክንዱን ዘርግቶ ወደ ሌላ መታጠፊያ ያመለክተዋል። በዚህ ግርግር መካከል ወደ ጥቁር አንበሳ የሚወስድ የአምቡላንስ መስመር ሳይደፈን መቆየት አለበት፤ የአገሪቱ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ማለትም ከሌሎች ሆስፒታሎች የተላኩ ታካሚዎችን የሚቀበል ተቋም፣ ከዚህ መንገድ ጫፍ ላይ ነውና። መንገድ መዝጋት ገመድ መወጠር ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን ማእዘን አንድ ማለዳ ቆሞ ሊያየው ይገባል።

ከለገሃር በኋላ መንገዱ ሰፋ ይላል፤ በስታዲየም በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ሲደረስ ብስክሌቱ ከሌላ ሕዝብ ጋር ይደባለቃል። በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ተከፍቶ ሰው በረድፍ ቆሞ የሚንቀሳቀስበት፣ «ማስ ስፖርት» የሚባለው የጋራ የአካል እንቅስቃሴ ያለው በዚህ ነው። ብስክሌተኛውና እግረኛው እዚህ ቦታ ላይ የሚጋጩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ መኪና ሲቀር አደጋ አብሮ ይቀራል ብሎ ያሰበ ሰው በፍጥነት የሚወርድ ብስክሌትና ኳስ የሚከተል ሕፃን ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አላስተዋለም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ከብስክሌት ጋር ያላት ትውውቅ አዲስ አይደለም። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ የፈረንሳይን ዙር ውድድር የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁንና የስፖርቱ ዝና የመጓጓዣን ልማድ አይፈጥርም፤ ልማድ የሚፈጠረው እንደ ባሕር ዳር ነው። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ በጣና ዳር በተዘረጋችው በዚች ሜዳማ ከተማ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ሠራተኛውም ከኋላ መቀመጫው ላይ ጓደኛውን ወይም የጤፍ ከረጢቱን ጭኖ በየዕለቱ ይነዳል፤ መንገድ የሚዘጋለት የለም፤ ብስክሌት ስለነዳም ስፖርተኛ አይባልም። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲሠራ ለብስክሌት የተለየ መስመር የተተወለት፣ ከመንገዱ በፊት ነጂው ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ የምትሄደው በተቃራኒው ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ይኸውም ዋና ዋና ጎዳናዎችን ከግራ ቀኝ ዳርቻቸው ጋር አንድ ላይ በማደስ ሥራ፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚወስደውን ጨምሮ በብዙ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቶ ነጂው ገና እየተጠበቀ ነው።

የጉዞው ዋና ጥያቄም የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። የባንክ ሰፈርን እሑድ መዝጋት ዕዳው ገብስ ነው፤ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ጉዳይ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ መኪናው ቢቀር ባንኩም፣ ንግዱም፣ ቢሮውም የሚጎድልበት ነገር የለም። ስለዚህ የእሑዱ ስኬት ስለ ሰኞ የሚናገረው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ድሮ በሰንጋ ተራ የነበረው መንደር ቢኖር ኖሮ ነዋሪው ከቤቱ እስከ ሥራው፣ እስከ ገበያውና እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሊያዳርሰው ይችል ነበር፤ ዛሬ በእነዚያ ፎቆች ውስጥ የሚሠራው ገንዘብ ያዥና የጽዳት ሠራተኛ የሚመጣው ከጀሞ፣ ከአያት ወይም ከቱሉ ዲምቱ ነው። ያን ያህል ርቀት በሥራ ልብስ፣ በክረምት ዝናብ፣ ከቀይ አውቶቡስና ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፉ በብስክሌት መምጣት የሚጠበቅበት ሠራተኛ የለም። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ለሚያውቅ ቤተሰብ፣ ልጁ በሥራ ቀን ብስክሌት ይዞ እንዳይወጣ መከልከሉ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ከለቡ እስከ ጀሞ የተሠራው የብስክሌት መስመር ከሰንጋ ተራው የእሑድ ደስታ የበለጠ ቁም ነገር ይዟል፤ ሰው በሚኖርበት ቦታ፣ አጭር ርቀትን ከቤት እስከ ትልቁ መንገድ የሚያገናኝ ስለሆነ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች «የመጀመሪያውና የመጨረሻው ኪሎ ሜትር» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከቤት እስከ አውቶቡስ ወይም ባቡር ፌርማታ፣ ከፌርማታ እስከ ሥራ ቦታ ያለችው ትንሽ ርቀት ሳትፈታ ትልቁ ትራንስፖርት አይሰምርም። የተዘጋው መንገድ ለዚህ የሚያገለግለው መለማመጃ በመሆኑ ነው፤ ብስክሌት ይዞ የማያውቅ ሰው ማንም ሳይጮህበት ሚዛኑን የሚጠብቅበት፣ አሽከርካሪውም የመኪናውን በር ዘግቶ በሁለት ጎማ ሲሄድ የከተማዋን አስፋልት ጎድጓዳ፣ የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድና ጎማ የሚይዝ የውኃ መውረጃ ፍርግርግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይበት ነው። በመኪና ያለፈበትን መንገድ በብስክሌት ያለፈ ሹፌር በማግስቱ ብስክሌተኛን ሲቀድም ርቀት ይተውለታል የሚለው ግምት የዋህ ቢመስልም፣ ከቅጣት ይልቅ በዚህ መንገድ የሚማረው እንደሚበዛ መገመት ይቻላል።

ስለዚህ ለከተማዋ አስተዳደር የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። መንገድ ለሰው በበዓል ሰሞን የሚነሳና የሚረሳ ሆይ ሆይታ ሳይሆን፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይለዋወጥ ዓመቱን ሙሉ የታወቀ ይሁን፤ ታክሲ ተሳፋሪው አማራጭ መስመሩን አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ አምቡላንሱም መግቢያ እንዳያጣ ካርታው በየፌርማታው ይለጠፍ። መስመሩም ከሰንጋ ተራ ተነስቶ መስቀል አደባባይ ላይ ከሚቆም፣ ቢያንስ አንድ ጫፉ በሳር ቤት በኩል ሰው ወደሚኖርበት ይዘርጋ፤ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሞክሮ ይታይ፤ ያኔ ከተማዋ መኪናዋን ለማሳረፍ የሚያስከፍላትን እውነተኛ ዋጋ ታውቀዋለች። በጉዞው ለመሳተፍ የሚያስብ አንባቢም ከአከራዩ ብስክሌት ሲቀበል ሁለቱንም ፍሬን ቆሞ ይሞክር፣ ካቴናው ላልቶ እንዳይወልቅ ይይ፣ የሱሪውን ጫፍ ይጠቅልል። ባንኮቹ ደግሞ ለመኪና ምድር ቤት ሲቆፍሩ ያላሰቡትን አሁን ያስቡበት፤ ሠራተኛቸውና ደንበኛቸው ብስክሌቱን የሚያስርበት አንድ የብረት ማሰሪያ በየበራቸው ይትከሉ።